አርባ አንዱ ሙላሙላ

ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ማበዱ አይቀርም፤ አበዳዱ ብቻ ይለያያል። አንዱ ጽጌረዳ ሲያባብል ይውላል፣ ሌላው ከጎረቤቱ ዶሮዎች ጋር ጦር ይማዘዛል። እኔ ደግሞ የሰው ወሰን በገዛ እጄ ነቅዬ፣ በመንገዴ ግራና ቀኝ ተክዬ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ሳደንቅ የዋልኩ ሰው ነኝ። አሁን ጊዜው ስለራቀ እየሳቅሁ አወራዋለሁ እንጂ፣ ያኔስ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ካምፓላ ስንኖር ነው። በእኛ አቆጣጠር ዘጠና ገደማ፣ ዝናቡ አልቆምም ያለበት ዓመት። ከባለቤቴ ከስንዱ ጋር ኪሱጉ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተናል። እኔ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የመኪና ስምሪት ኃላፊ ነኝ፤ ይኸውም ሾፌሮች የት እንደሄዱ የማላውቅ፣ የት እንደሄዱ ግን የምፈርም ሰው ማለት ነው። እላይ ሙየንጋ ኮረብታው ላይ የሚኖሩት ያገሬ ልጆች ሰፊ ግቢ ከነአትክልተኛው አላቸው። ቅዳሜ ተጠርተን ስንሄድ ጫማችንን አውልቀን ሣሩን እንድንረግጥ ይጋብዙናል፤ ሣር አይተን የማናውቅ ይመስል። በእኛ ግቢ ያለው አንድ የውሃ በርሜልና የአከራያችን ፍየል ነው። ፍየሉም ቢሆን የሚያከብረው ስንዱን ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የቢሮ ባልደረባዬ ከፖርት ቤል ወደብ ሐይቁን በጀልባ ተሻግሮ ባለ አንድ መንደር ግማሽ ኤከር መሬት በሊዝ እንደሚሰጥ ነገረኝ። ሳላየው ወደድኩት፤ ሳየውማ አበድኩ። ቁልቁል ሐይቁን ያያል። ከላይ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ መሐሉ ላይ ደግሞ አንዲት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ዘመም ብላ ቆማለች።

“ምን ልታደርግበት ነው?” አለች ስንዱ።

“መሬት እኮ ነው።”

“መሬት መሆኑንማ አየሁ። አንተ ምን ልታደርግበት ነው?”

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ጮክ ብሎ መናገሩ ግን አሳፈረኝ። መሬቱን የፈለግሁት ለአባቴ ነው።

አባቴ ጎጃም ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ወሰን ገፋህ፣ አልገፋሁም ተባብሎ የተጣላ ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ዱላቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ አፈሩን ያያሉ፣ አረሙን ያያሉ፣ የተከሳሹን ዓይን ያያሉ፣ ከዚያ “እዚህ ላይ ነው” ይላሉ። ያሉት ይጸናል። እኔ ግን በሰባት ዓመቴ ለትምህርት አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ተላክሁና የአባቴን ሙያ ሳላይ አደግሁ። ክረምት ላይ ስመለስ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ፣ “ይሄ ልጄ በወረቀት በኩል ጎበዝ ነው” ይላሉ። ክፋት የለበትም፤ ሙገሳ ነው። ግን ይህች “በወረቀት በኩል” የምትለዋ ነገር እስከ ካምፓላ ድረስ ተከትላኝ መጥታለች። አንድ ጊዜ ማረሻ ስጨብጥ በሬዎቹ ራሳቸው ዞረው ነው ያዩኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሊጠይቁን እንደሚመጡ የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሰን እኔ የቆረጥኩት አንድ ነገር ነው። አባቴ ባለማሁት መሬት ላይ ቆሜ እንዲያዩኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።

ዩጋንዳ ውስጥ መሬት ማልማት ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ እውነቱን ነው፤ አስቸጋሪው ማስቆሙ ነው። ያ አፈር የሰጡትን ሁሉ ያበቅላል። ለልብስ ማስጫ ብዬ ሁለት እንጨት ተከልኩ፤ በወሩ ሁለቱም ቅጠል አወጡ። በሁለተኛው ወር ስንዱ ሸሚዜን የምታወርደው ከቅርንጫፍ ላይ እየፈለገች ነበር። ሣሩን ቅዳሜ አጭጄ እሄዳለሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉልበቴ ላይ ደርሶ ይጠብቀኛል። ማጨጃው ስላሸር ይባላል፤ ጫፉ የታጠፈ ረጅም ብረት ነው፣ እያወዛወዙ ሣሩን ይመቱበታል። መንደርተኛው በአንድ እጁ እያጨደ በሌላው ሰላምታ ይሰጣል። እኔ በመጀመሪያው ቀን የገዛ ቅልጥሜን መታሁ፣ በሁለተኛው የስንዱን ቲማቲም፤ ሣሩን መምታት የጀመርኩት በሦስተኛው ነው።

ይህን ሁሉ ቆመው የሚያዩ አንድ ጎረቤት ነበሩኝ፤ ሙዜ ኪጉንዱ። ሙዜ እዚያ አገር ለሽማግሌ የሚሰጥ ማክበሪያ ነው። ማቶኬ በሚሉት ተቀቅሎ በሚበላ ሙዝ ማሳቸውና በእኔ መሬት መካከል አጥር የለም። ካንዙ በሚባለው ረጅም ነጭ ቀሚሳቸው ላይ አሮጌ ኮት ደርበው ከማሳቸው ጫፍ ብቅ ይሉና፣ “ጄባሌ ኮ፣ ሴቦ!” ይሉኛል። በርታ ጌታው፣ ለሥራህ ምስጋና ይገባሃል እንደማለት ነው። ቅልጥሜን ይዤ ስዘልም “ጄባሌ ኮ” ይሉኛል። ከዚያ ስለ አዳሬ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ ሚስቴ እየጠየቁ ሰላምታው ይቀጥላል። የእኔ ሉጋንዳ ከሦስተኛው ጥያቄ በላይ ስለማይዘልቅ ቀሪውን ራሴን በመነቅነቅ እጨርሰዋለሁ። ያን ሰላምታ ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት ከተቋረጠብኝ በኋላ ነው።

አባቴ ሊመጡ አራት ሳምንት ሲቀራቸው ሥራው ለብቻዬ እንደማይገፋ ገባኝና ደቦ ጠራሁ። ደቦ! ገና ቃሉን ስናገረው ገበሬ ገበሬ ሸተትኩ። ስምንት ያገሬ ልጆች ተሰበሰቡ። ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ታፈሰ፣ ነጭ ጫማ አድርጎ የመጣ አንድ የአየር መንገድ ሰው፣ ሁለት መሐንዲሶች፣ የቀሩትም እንደ እኔ ቢሮ ያነጣቸው ናቸው። ችግሩ ስምንቱም አዛዥ ሆነው መምጣታቸው ነው፤ የሚታዘዘው እኔ ብቻ ነበርኩ። የደቦ ዘፈን እንዝፈን ተባለ፣ ሙሉውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ፤ የሙሽራ ዘፈን አወጣንለት። ታፈሰ ያመጣው የዶሮ ወጥ ድስት በጀልባው ውስጥ ከሁላችንም የተሻለ ቦታ ይዞ ነው የተሻገረው። እሱ እንዳይደፋ ሲባል አንዱ መሐንዲስ ከሰል ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

ያም ሆኖ ከማንጎው ሥር ተነስታ በቤቱ በር በኩል አልፋ ሐይቁ ድረስ የምትወርደውን መንገድ ጠረግናት። ስንጨርስ ራቁቷን ቀረች።

“ግራና ቀኟ አንድ ነገር ይፈልጋል” አለ ታፈሰ አገጩን ይዞ።

ዞር ስንል አየነው። ከሙዜ ማሳ ጥግ፣ አረም ውስጥ፣ ቅጠሉ እንደ በቆሎ ቅጠል ረዘም ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ተክል እዚህም እዚያም ራሱን ብቅ አድርጓል። ይህን ተክል እኔ የማውቀው አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ ነው፤ በሚያምር ማሰሮ ተተክሎ፣ ቅጠሉ በጨርቅ እየተወለወለ። ተማሪ ሳለሁ አንዱን በጣቴ ብነካው ዘበኛው “እጅህን ሰብስብ!” ብሎ ጮኾብኛል። እዚህ ግን ዘበኛም የለ፣ ማሰሮም የለ፤ አረም ውጦት ተቀምጧል። “አይ ሰውዬው፣ የያዙትን አያውቁትም” አልን ስለ ሙዜ፣ ከልባችን አዝነን። እንዳንጠይቃቸው ማሳካ የሚባል ከተማ ለቀብር ሄደዋል። ተመካከርን። ይህን አስምሩበት፣ ተመካክረን ነው! ዘጠኝ የተማረ ሰው ተመካክሮ፣ ሲመለሱ ማሳቸው ጸድቶ ስለሚያገኙት ደስ ይላቸዋል ብሎ ደመደመ።

አርባ አንድ ነበሩ። ሃያውን በመንገዱ ግራ፣ ሃያውን በቀኝ ተከልናቸው። አርባ አንደኛውን በባልዲ አድርገን ቤቱ በር ላይ አቆምነው፤ ልክ እንደ ሆቴሉ። የነቀልንባቸውን ጉድጓዶችም፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው ብለን፣ አንድ በአንድ ሞልተን፣ ረግጠን፣ ደለደልናቸው። ማስረጃ በዚያ ዓይነት ጥራት ጠፍቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በሳምንቱ ከስንዱ ጋር ስንሻገር ጀልባው ውስጥ ያሉት የመንደሩ ሰዎች ዝም አሉን። ቤት እንደገባን ሴቶች ተከታትለው መጡ። ማቶኬ ይዘዋል። ዙሪያዋን ተቀምጠው የስንዱን እጅ ይደባብሳሉ፣ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ እኔን በጎን ያያሉ። ከመካከላቸው እንግሊዝኛ የምትችል ናሎንጎ የምትባል ሴት ነበረች፤ መንታ ለወለደች ሴት የሚሰጥ የክብር ስም ነው። እሷ ናት የጠየቀችው።

“እህቴ፣ የትኛው ወገን ደረሰሽ?”

“የምን ወገን?”

“የመሬቱ ነዋ። ባልሽ ሲከፍለው አየን።”

ቀስ እያለች አስረዳችን። ያ ተክል ሙላሙላ ይባላል። እዚያ አገር ሙላሙላ ለጌጥ አይተከልም፤ ወሰን ነው። ወንድማማች ሲካፈል፣ ባልና ሚስት ሲለያይ፣ መሬቱ የተከፈለበት መስመር ላይ ሙላሙላ ይተከላል። እኔ ደግሞ ከማንጎው እስከ ሐይቁ፣ መሬቴን መሐል ለመሐል፣ ያውም በድርብ መስመር ተክዬዋለሁ። መንደሩ ሁሉ ሚስቱን በጣም ቢጠላ ነው ብሏል። በር ላይ ያለውን ባልዲ ብቻ ማንም ሊተረጉመው አልቻለም።

ስንዱ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ፊቷ ላይ የማውቃት ተንኮል ብቅ አለች።

“ቤቱ ያለበት ወገን የኔ ነው” አለቻቸው እንባ እንደሚጠርግ ሰው ዓይኗን እየነካካች። “እሱ ባልዲውን ይወስዳል።”

እኔ ስስቅ ናሎንጎ አልሳቀችም። “ለመሆኑ ከየት አመጣሃቸው?” አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ወጣሁ። ሙዜ ኪጉንዱ ማሳቸው ጫፍ ላይ ቆመዋል፤ ጫፍ የነበረው ቦታ ላይ ማለቴ ነው፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጫፍ የለውምና። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜ “ጄባሌ ኮ፣ ሴቦ!” አልኳቸው። አዩኝ። አንድም ቃል ሳይመልሱ ዞረው ማቶኬው ውስጥ ገቡ። በጥፊ ቢያጮሉኝ በወደድኩ።

ናሎንጎ እንደነገረችን እነዚያን ሙላሙላዎች የተከሏቸው የሙዜ አያት ናቸው። ሙዜ ስለ መሬታቸው የሚያሳዩት አንዳች ወረቀት የላቸውም። ወረቀታቸው እነሱ ነበሩ። ነገ እሳቸው ቢያልፉ ልጆቻቸው ምን ያሳያሉ? እኔ ደግሞ የሊዝ ውል ከነማኅተሙ አለኝ። በወረቀት በኩል ጎበዝ የሆነ ሰው፣ ወረቀት የሌለውን ሰው ወሰን ነቅሏል።

በዚያው ቀን ልመልሳቸው ተነሳሁ። ግን የት? ጉድጓዱን ዘጠኝ ሆነን ደልድለነዋል። ሙዜም የመንደሩ ሸንጎ ሳያይ ማንም እንዳይነካው ብለዋል። ኤልሲ የሚባለው የመንደሩ ምክር ቤት ሊቀመንበር ደብተሩን ገልጦ ቀን ቆረጠ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ረፋድ። አባቴ ዓርብ ይገባሉ። ቀኑን እንዲያዛውርልኝ ለመንኩት፣ ተማጠንኩት። ሊቀመንበሩ ግን ደብተሩ ላይ አንዴ የጻፈውን የሚሰርዝበት እስክሪብቶ አልነበረውም።

አባቴ ዓርብ ገቡ፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ አንድ ጣሳ ማር በብብታቸው ታቅፈው። እራት ላይ ጀመርኩ።

“አባባ፣ ነገ ይረፉ። ሐይቁ ማዕበል አለው ይላሉ።”

“ጣናን በታንኳ እየተሻገርኩ ነው ያደግሁት። አንተ ከፈራህ ቅር” አሉኝ።

እውነትም የፈራሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ እሳቸው ጀልባው አፍንጫ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እኔ ጠርዙን በሁለት እጄ ጨብጬ ተሻገርን። ያን ጊዜ ፖርት ቤል ዙሪያውን የውሃ አረም ወርሮት ነበር፤ ጀልባዋ አረንጓዴ ማሳ ውስጥ የምታርስ ትመስላለች።

“ይህን ሁሉ ጎመን ውሃ ላይ የዘራው ማነው?” አሉ አባቴ።

“ማንም አልዘራውም፣ ራሱ ነው የመጣው።”

“እንዲህ ከሆነማ የሚያርመው ሰው ያስፈልጋል” አሉ ቅር ብሏቸው። እምቦጭ የሚለውን ስሙን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ጣናን ሲወር። አባቴ ያን ሳያዩ ማለፋቸው አንዳንዴ ያጽናናኛል።

ከጀልባ ወርደን ሽቅብ ስንወጣ ማንጎው ሥር መንደሩ በሙሉ ተሰብስቧል። ወንበር ያለው በወንበር፣ ሌላው በምንጣፍ።

“ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው ልጄ?”

“እርስዎን ሊቀበሉ ነው አባባ” አለ አፌ። እኔ አላዘዝኩትም። ስንዱ ከኋላዬ፣ “አሁን ገና ጉድህ ፈላ” ስትል ሰማኋት።

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እጅ እየነሱ አልፈው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ተነስቶ ክሱን በሉጋንዳ አነበበ፤ ለእኔም በእንግሊዝኛ ደገመልኝ። ጎረቤቴ ለቀብር በሄዱበት፣ ከስምንት የውጭ አገር ሰዎች ጋር ሆኜ፣ በዘፈን ታጅቤ፣ ወሰናቸውን በመንቀሌ ተከስሻለሁ።

“ምን አለ?” አሉ አባቴ።

“እንኳን ደህና መጡ ነው የሚለው።”

አባቴ ክብራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ወዲያው ተነሱ። “እግዜር ያክብርልን” ብለው ጀመሩ፤ እህላችሁ ይባረክ፣ ከብታችሁ ይርባ፣ ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ወሰናችሁ ይጽና! እዚህ ላይ ላብ አጠመቀኝ። ሰዉ ሁሉ እንድተረጉም ይጠብቃል። “አባቴ በጣም አዝነናል ይላሉ” አልኩ በእንግሊዝኛ። መንደሩ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ደምቆ፣ እንዲህ በደስታ ያዘነ ሰው አይተው አያውቁም።

ቀጥሎ ሙዜ ኪጉንዱ ተነሱ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ወደ ማሳቸው ጠቆሙ፤ ወደ ባዶው ጥግ ጠቆሙ፤ ከዚያ ጣታቸውን በመንገዴ ግራና ቀኝ ባሉት ተክሎች ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ። የአባቴ ዓይን ከጣታቸው ጋር አብሮ ሄደ።

“ልጄ።”

“አቤት አባባ።”

“ምን አሉ እኒህ ሰውዬ?”

“ስለ... ስለ ዝናቡ ነው የሚያወሩት።”

“ዝናብ በጣት አይጠቆምም” አሉ አባቴ።

ተነሱና መንገዱን ይዘው ወረዱ። አንዱ ሙላሙላ ላይ ጎንበስ ብለው ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። “ይህ ባንድ ወር የበቀለ አይደለም። ሽማግሌ ነው። ከየት መጣ?” አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ደቦውን፣ የሙሽራውን ዘፈን፣ ሆቴሉን፣ ዘበኛውን፣ የደለደልነውን ጉድጓድ። ባልዲው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“የኔ ልጅ” አሉ ቀስ ብለው፤ “ወሰን ነቀልክ።”

ያለማሁት መሬት ላይ ቆሜ እንዲያዩኝ ስመኝ ነበር፤ ይኸው ቆሜያለሁ፣ ይኸው ያዩኛል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንኳ ይህቺን ሳስታውስ ጆሮዬ ይግላል።

“ድንጋይ አምጣ” አሉ።

“አባባ፣ እዚህ አገር እኮ...”

“ድንጋይ አምጣ አልኩህ።”

ባገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበደለው ፊት ይቆማል፤ ይቅር እስኪባል አያወርድም። በወሬ አውቀዋለሁ፣ በጫንቃዬ ግን አላውቀውም። ከሐይቁ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስቼ ለእንግዳ መቀበያ ከለበስኩት ኮት ላይ ጫንኩና ወደ ሙዜ ተራመድኩ። ግማሹ ሸንጎ ብድግ አለ። ሊወረውርባቸው ነው ብለዋል። ናሎንጎ ስትጮህ፣ ስንዱ መሐል ገብታ እየተንተባተበች ነገሩን አስረዳች። መንደሩ ተረጋግቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ግን በጣም ተመቻችቶ ነው የተቀመጠው።

ሙዜ አልቸኮሉም። ዞሩኝ። ድንጋዩን በጣታቸው አንኳኩት። ከበስተኋላዬ ከሊቀመንበሩ ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። አንገቴ እየገባ፣ እየገባ ሄደ። በመጨረሻ ፊቴ ቆሙና በገዛ እጃቸው ድንጋዩን አወረዱልኝ። “ጄባሌ ኮ፣ ሴቦ” አሉኝ። ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለቀስኩበት ሰላምታ የለም።

አባቴ ወደ ባዶው ጥግ ሄዱና ዱላቸውን አፈሩ ላይ ጫን ጫን እያደረጉ ይራመዱ ጀመር። ጠንካራ፣ ጠንካራ፣ ከዚያ ዱላው ሰመጥ ይላል። “እዚህ ላይ ነው።” ዘጠኝ የተማረ ሰው የሰወረውን ጉድጓድ አንድ ዱላ አንድ በአንድ አወጣው። ሦስተኛው ላይ ሙዜ ነገሩ ገባቸውና ሳቁ፤ የራሳቸውን ዱላ ይዘው ከዚያኛው ጫፍ ጀመሩ። መሸከሙ የእኔ ሆነ፤ አባቴ ማንም እንዳያግዘኝ ፈርደዋል። ሁለት ሁለት እያደረግሁ በጫንቃዬ መለስኳቸው። ለመመስከር እመጣለሁ ብሎ የማለልኝ ታፈሰ ሠርግ ተጠርቶ ቀርቷል።

አርባው በሰላም ተተከለ። የመጨረሻው ጉድጓድ ግን ታጣ፤ የሐይቁን ጫፍ ጎርፍ አጥቦታል። ጠብ የተነሳው ያኔ ነው። ሙዜ አንድ እርምጃ ወደ ራሳቸው ማሳ ገብተው፣ እዚህ ነበር አሉ። አባቴ ተቆጡ።

“የለም፣ የለም! ይህማ የእርስዎ ነው፤ ወዲህ ይምጡ!” ብለው አንድ እርምጃ ወደ እኔ መሬት ገብተው ቆሙ።

ሙዜ በሉጋንዳ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አባቴ ባማርኛ ባሰባቸው። ሁለት ሽማግሌ መሬት አልወስድም ብሎ ዱላ እስከ መወዝወዝ ደረሰ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ፤ ከሳሹ የትኛው፣ ተከሳሹ የትኛው እንደሆነ መጻፍ አቃተው። በመጨረሻ አባቴ ድንጋዩን አስመጡኝና በሁለቱ እርምጃ መካከል አስቀመጡት። ከድንጋዩ ወዲህና ወዲያ ያለው እርምጃ የማንም ሳይሆን ቀረ። አርባ አንደኛው ሙላሙላም በሁለቱ ሽማግሌዎች ፈቃድ ለእኔ ተፈረደልኝ፤ ባልዲዬን ይዤ ተመለስኩ። ስንዱ “አላልኩም?” አለች።

አባቴ በቆዩበት አንድ ወር በየሁለት ቀኑ ይሻገሩ ነበር። ድንጋዩን መሐል አድርገው፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ፣ የማንም ባልሆነው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ። እኔን ተርጉም ያለኝ የለም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ምን እንደሚጨዋወቱ ጠየቅኋቸው።

“ስለ ዝናቡ ነው” አሉኝ ፊታቸውን ሳይለውጡ።

ኤንቴቤ አየር ማረፊያ ስሸኛቸው ሰልፍ ላይ አንድ ያገራችን ሰው አግኝተው እንደልማዳቸው አስተዋወቁኝ። “ይሄ ልጄ ነው። በወረቀት በኩል ጎበዝ ነው” አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ “ድንጋይም ይሸከማል” ብለው ጨመሩ። በሕይወቴ ካገኘሁት የምስክር ወረቀት ሁሉ የምኮራበት ይህን ነው።

በዓመቱ አረፉ። ለሙዜ ልነግር ተሻገርኩ። ቋንቋ አላስፈለገንም፤ ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። ሄደው ድንጋዩ ጋ በራሳቸው ወገን ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ በአባቴ ቦታ መቀመጥ አልደፈርኩም። እሳቸው ግን መሬቱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩና ሐይቁን እያየን ዋልን።

ከዚያ ሥራዬ ወደ አገር ቤት መለሰኝ፤ መሬቱም ለሌላ ሰው ተላለፈ። በቅርቡ ለስብሰባ ካምፓላ ሄጄ አንድ ቀን ሰርቄ ተሻገርኩ። ሙዜ ካለፉ ቆይተዋል። የእኔ ዘመም ያለችው ቤት ፈርሳ ትልቅ ቪላ ቆሟል፣ ዙሪያው በጡብ ታጥሯል። አጥሩ በሙላሙላዎቹ ጎን ቀጥ ብሎ ይወርድና ሐይቁ ጫፍ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ አንድ ድንጋይ ከውጭ ትቶ ያልፋል። ያን ጉብጠት ቆሜ ሳይ ባለቪላው፣ ደልደል ያለ ጎልማሳ፣ ወጥቶ ሰላም አለኝ።

“አስቀያሚ ነው አይደል?” አለኝ እየሳቀ። “ቀጥ ላደርገው ነበር። ያን ድንጋይ አትነካም ብለው የኪጉንዱ ልጆች፣ መንደሩም ሁሉ ተነሳብኝ። ድንጋይ ነው እኮ! ምን እንዳለበት ታውቃለህ?”

“አውቀዋለሁ” አልኩት። “ተሸክሜው ነበር።”